የመረቅ ጥንተ ነገር፤ ከኡም ሱማቅ ኮረብታ እስከ አገራችን ጓዳ

በዮርዳኖስ መንግሥት መናገሻ በአማን ከተማ፣ በስተምዕራብ በኩል ካሉት ነፋሻ ኮረብቶች በአንደኛው ላይ፣ ኡም ሱማቅ የሚባል ሠፈር ይገኛል። ዛሬ ከተልዕ አልዓሊና ከኸልዳ ጋር በአንድ ወረዳ ተጠቃልሎ የታላቁ አማን ማዘጋጃ ቤት ክፍል ሆኗል፤ ነጫጭ የድንጋይ ቤቶች ኮረብታውን ከእግሩ እስከ ራሱ አልብሰውታል፤ የመካ ጎዳናም በአጠገቡ ሲያልፍ ሌሊትና ቀን መኪና አይለየውም። በዚህ ጎዳና የሚመላለስ መንገደኛ የሠፈሩን ስም በየቀኑ እየጠራ ትርጉሙን ሳያስበው ሊያልፍ ይችላል፤ ቆም ብሎ ለመረመረው ግን ስሙ ራሱ አንድ ጥንታዊ ነገር ይተርካል። «ኡም» በዐረብኛ እናት ማለት ሲሆን በግእዛችን «እም» የምንለው ቃል እኅት ነው፤ «ሱማቅ» ደግሞ ፍሬው እንደ ደም የቀላ፣ ጣዕሙ የሚኮመጥጥ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ በሚገኙ ደረቅ ኮረብቶች ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ስለዚህ የቦታው ስም «የሱማቅ እናት» ማለት ነው።

የሱማቅ ፍሬ ደርቆና ተፈጭቶ በሥጋና በሰላጣ ላይ የሚነሰነስ ቅመም መሆኑን የዚያ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቅጠሉ ግን ሌላ ግብር ነበረው። ቅጠሉ ታኒን የሚባል አኮማታሪ ነገር የሞላበት ስለ ሆነ፣ ከጥንት ጀምሮ ቆዳ ፋቂዎች ጥሬውን ቁርበት በእርሱ ያለፉት ነበር፤ ታኒኑም በቁርበቱ ውስጥ ያለውን ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን ዘር ይዞ ያጠነክረዋል፤ ከመበስበስም ይጠብቀዋል። በአገራችንም ፋቂዎች በእምቧይ ፍሬና በቀንጠፋ ልጥ ሲጠበቡ የኖሩት በዚሁ ዐይነት ዕውቀት ነው። እንግዲህ በቁርበት ውስጥ ያለው ይህ ኮላጅን በጅማት፣ በልም አጥንትና በአጥንትም ውስጥ አለ፤ በሰው አካል ካለው ፕሮቲን ሁሉ ወደ ሢሶ የሚጠጋው እርሱ ነው። ፋቂው በሱማቅ ሲያለፋው ቆዳ ይሆናል፤ ጸሐፊው ወጥሮ ሲፍቀው መጻሕፍተ ቅዱሳን የሚጻፉበት ብራና ይሆናል፤ ባልቴቲቱ በዝግተኛ እሳት ስትቀቅለው ደግሞ ጄላቲን ሆኖ በመረቁ ውስጥ ይሟሟል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ግብሩ ነው፤ ይኸውም ሰዎች የተሰበረውን ለመጠገን፣ የታመመውን መገጣጠሚያ ለማበርታት፣ ከደዌ የተነሣውንም ለማስታመም የአጥንት መረቅን ተስፋ ስላደረጉበት ረጅም ዘመን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከቃሉ መጀመር ይገባል። እኛ «መረቅ» የምንለውን ዐረቦች «መረቅ» ይሉታል፤ ዕብራውያንም «ማራቅ» ይሉታል። እኛ በግእዝ «ዐፅም» የምንለውን ዐረቦች «ዐዝም»፣ ዕብራውያን «ዔጼም» ይሉታል። ልሳኖቹ ከአንድ ግንድ ተከፍለው ሺህ ዓመታት ካለፉ በኋላም አጥንቱና መረቁ ስማቸውን ሳይለውጡ መቆየታቸው፣ ድስቱ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ከማንኛውም ምስክር ይልቅ አጥብቆ ያስረዳል። ዛሬ በአማን ቤቶች በቤት ሠራተኝነት የሚያገለግሉ ብዙ የአገራችን ሴቶች ልጆች አሉ፤ ከእነርሱ አንዲቱ ዐረብኛ ገና ሳይገባት በገባችበት ማዕድ ቤት እመቤቲቱ ወደ ድስቱ እያመለከተች «መረቅ» ስትል በሰማች ጊዜ፣ በባዕድ አገር የእናቷን ቃል ሰማች ማለት ነው።

ቅዱስ መጽሐፍም ለዚህ ምስክር ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን የፍየሉን ጠቦት አዘጋጅቶ ሥጋውን በሌማት፣ መረቁን በምንቸት አድርጎ ለእግዚአብሔር መልአክ እንዳቀረበ ተጽፏል፤ ኋላም ዮርዳኖስን ተሻግሮ የምድያምን ነገሥታት ሲያሳድድ በኖባህና በዮግብሃ ምሥራቅ በኩል እንደ ወጣ ተነግሯል። ሊቃውንት ይህችን ዮግብሃን ዛሬ ጁበይሃ ከሚባለው፣ በ1962 የተመሠረተው የዮርዳኖስ ዩኒቨርሲቲ ካለበት ከሰሜናዊው የአማን ሠፈር ጋር ያያይዟታል፤ ይህም ከኡም ሱማቅ ብዙ የማይርቅ ጎረቤት ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በሃያ አራተኛው ምዕራፍ ስለ ኢየሩሳሌም የተሰጠውን ምሳሌ ሲናገር፣ ድስቱ እንዲጣድ፣ ውሃ እንዲጨመርበት፣ መልካም መልካሙ ብልትና የተመረጡት አጥንቶች እንዲገቡበት፣ አጥንቱም በውስጡ እንዲበስል ያዛል፤ በተከታዩም ምዕራፍ ፊቱን ወደ አሞን ልጆችና ወደ ከተማቸው ወደ ረባት ይመልሳል፤ ረባትም ዛሬ አማን የምንላት ናት። የነቢዩ ነገር የፍርድ ምሳሌ እንጂ የወጥ አሠራር ትምህርት አይደለም፤ ነገር ግን ምሳሌ የሚመሰለው ሰሚው በሚያውቀው ነገር ስለ ሆነ፣ የተመረጠ አጥንት ለድስት ክብር መሆኑን በዚያ ዘመን ሕፃን ሳይቀር ያውቀው እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

ከመጽሐፍ ወደ ምድር ብንወርድ ደግሞ የዚያ አገር አፈር ራሱ ይናገራል። በአማን ክልል ውስጥ ዐይን ጋዛል በሚባለው ስፍራ መንገድ ሲሠራ የተገኘና ከ1982 ጀምሮ የተቆፈረ ጥንታዊ መንደር አለ፤ ነዋሪዎቹ ከዛሬ 9,000 ዓመት በፊት ፍየል ያረቡ፣ እህል የዘሩ፣ ከሸምበቆና ከኖራ ታላላቅ የሰው ምስል የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ከሙት ባሕር ማዶ ባለችው በናሐል ሔማር ዋሻ ደግሞ ከ8,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሙጫ ተገኝቷል፤ ሲመረመርም ከእንስሳ ኮላጅን የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ በእርሱም ቅርጫት ይለቀልቁበት፣ የሙታንን የራስ ቅል ያስጌጡበት ነበር። ሙጫ የሚያወጣ ሰው ቁርበትን ወይም ጅማትን በውሃ አሙቆ ማሟሟትን ያወቀ ሰው ነው፤ ይህንንም ያወቀ ሰው በድስቱ ወይም በጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ውሃ ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋ አይቷል። ኮላጅን የሚለው የአውሮፓ ቃል ራሱ ሙጫ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ በመሆኑ፣ የኋለኞቹ ጠቢባን ስም ሲያወጡለት ሳያውቁት ወደ ዋሻው ሰዎች ተመለሱ ማለት ይቻላል።

ይህ የድስት ዕውቀት ወደ ሕክምና መጻሕፍት የገባው በመካከለኛው ዘመን በዐረብኛ በጻፉት ሐኪሞች እጅ ነው። በ1013 ገደማ ያረፈው የኮርዶባው ሐኪም አልዘህራዊ ሠላሳ ክፍል ባለው ታላቅ መጽሐፉ መጨረሻ ስለ ስብራት ሲጽፍ፣ አጥንቱ መያያዝ በሚጀምርበት ጊዜ ሕመምተኛው የሚያጣብቅና ወፍራም የሆነ ምግብ እንዲበላ ያዛል፤ ከእነዚህም መካከል ሐሪሳ የሚባለውን የስንዴና የሥጋ ገንፎ፣ የእንስሳ ራስና እግር፣ ጨጓራና ዕንቁላል ይቆጥራል። ከ980 እስከ 1037 የኖረው ኢብን ሲናም ይህን መንገድ ተከትሏል። ምክንያታቸው በዘመናቸው ፍልስፍና የቆመ ነበር፤ የተሰበረው አጥንት ጫፍና ጫፉ የሚያያዘው በመካከሉ በሚፈጠር ወፍራም ነገር ስለ ሆነ፣ ይህ ወፍራም ነገር ከሚያጣብቅ ደም፣ የሚያጣብቀውም ደም ከሚያጣብቅ ምግብ ይገኛል ብለው ያስቡ ነበር። ሙሴ ወልደ ማይሞን የተባለው፣ ከ1138 እስከ 1204 የኖረው የፉስጣጡ ሐኪምም የዶሮ መረቅን ለድካምና ለደዌ ማዘዙ የታወቀ ነው። ዛሬም በአማን የገበያ ምግብ ቤቶች የበግ እግር ተቀቅሎ «ከዋሪዕ» በሚል ስም ሲቀርብ፣ ያን ጥንታዊ ምክር የሚያስታውስ ማዕድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይኸው ትምህርት ያለ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከወጌሻ ወደ ወጌሻ ሲተላለፍ እናገኘዋለን። ወጌሻ የተሰበረውን ወይም የወለቀውን በጣቱ ዳስሶ፣ በቅቤ አሽቶ፣ ወደ ቦታው መልሶ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ስንጣሪ ካሰረው በኋላ፣ ለቤተ ሰቡ የሚሰጠው ትእዛዝ የማዕድ ትእዛዝ ነው፤ መረቅ ይጠጣ፣ ቅልጥም ይብላ፣ ገንፎ በቅቤ ይሰጠው ይላል። በቁርጥማት ጉልበቷ የተያዘ አሮጊት፣ ከወሊድ የተነሣች አራስ፣ ወባ አድክሞት ከአልጋ የወረደ ገበሬ፣ ለእነዚህ ሁሉ ጎረቤት የሚያመጣው መጠየቂያ ብዙ ጊዜ በድስት ያለ መረቅ ነበር። አምሳሉ አምሳሉን ይረዳዋል የሚለው ሐሳብ በዚህ ውስጥ አለ፤ አጥንት ለአጥንት፣ ጅማት ለጅማት ይሆናል ተብሎ ይታመናልና።

የድስቱ ሥራ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አይረሳውም። ሲመሽ የበሬው ወይም የበጉ አጥንት፣ ይልቁንም ቅልጥሙ፣ ጉልበቱና ልም አጥንት የበዛበት የመገጣጠሚያው ክፍል፣ በመጥረቢያ ይከፈልና ታጥቦ በቀዝቃዛ ውሃ በሸክላ ድስት ይጣዳል። ውሃው መጋል ሲጀምር ከላዩ ግራጫ አረፋ ይነሣል፤ ባልቴቲቱም መረቁ እንዳይደፈርስባት በጭልፋ ጫፍ ቀስ እያለች ትገፈዋለች። ከዚያ ወዲያ እንጨቱን ከጉልቻው ሥር ሳብ ታደርገዋለች፤ ድስቱ እንዳይገነፍል፣ እንዳይቀዘቅዝም፣ በፍሙ ኃይል ብቻ እየተንተከተከ እንዲያድር ነው። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ጥቂት እርድና ጨው በየተራቸው ይገባሉ። ሲነጋ እሳቱ ጠፍቶ፣ ደጁም ብርድ ሆኖ ክዳኑ በተነሣ ጊዜ፣ ስቡ ከላይ ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ ከስቡ በታች ያለው መረቅ ደግሞ እንደ እርጎ ተይዞ፣ ድስቱ ሲነካ ይንቀጠቀጣል፤ ተመልሶ ሲሞቅም ቀልጦ ከንፈርን በጥቂቱ ያጣብቃል። ያ የሚንቀጠቀጠውና የሚያጣብቀው ነገር ጄላቲን ነው፤ ባልቴቲቱ ይህን ስም ባትሰማውም፣ መረቁ በማለዳ ካልረጋ አጥንቱ ገና ያለውን አልሰጠም ብላ ድስቱን መልሳ ትጥደዋለች። በመጨረሻ ሲቀርብ ቃሪያው ጥሬውን ተከትፎ ይጨመርበታል።

መረቅ በአገራችን የዘወትር መጠጥ ሊሆን እንደማይችልም ማስታወስ ያስፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ፣ ኀምሳ አምስቱ ቀን የዐቢይ ጾም፣ ሌሎቹም አጽዋማት በሚጠበቁበት ቤት ድስቱ ከሥጋና ከአጥንት የሚርቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህም መረቅን የፋሲካና የበዓል፣ እንዲሁም የድውይ ማዕድ አደረገው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለድውይ ይራራልና፣ ሕመምተኛው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ በጾም ወራት እንኳ የሚያበረታውን ምግብ የሚቀበልበት መንገድ ነበረው። አንድ ምግብ በዓልንና ደዌን ብቻ ጠብቆ ሲመጣ፣ ሰው በእርሱ ውስጥ ከጣዕም የሚበልጥ ኃይል እንዳለ ቢያምን አያስደንቅም።

አሁን ደግሞ ነገሩ በአውሮፓ እንዴት ታላቅ ክርክር እንዳስነሣ እንመልከት፤ ከዚህ ክርክር የሚገኘው ትምህርት ለእኛም ይጠቅማልና። ዴኒስ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ ጠቢብ በ1679 በለንደን ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አንድ አዲስ ድስት አሳየ፤ ክዳኑ በብሎን ተጠብቆ የሚዘጋ፣ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከተራ ፈላ ውሃ በላይ የሚያወጣ፣ ኃይሉ ሲበዛም በራሱ የሚያስተነፍስ መክደኛ ያለው ነበር። በ1681 ባሳተመው መጽሐፍ ዋና ዓላማው አጥንትን ማለስለስ መሆኑን ገለጠ፤ በተከታዩ ዓመት ለማኅበሩ አባላት ባዘጋጀው ራት ላይም እጅግ ጠንካራው የበሬ አጥንት እንደ ዓይብ ለስልሶ፣ መረቁም ረግቶ ቀርቦ ነበር። ዛሬ በየቤታችን እየጮኸ ባቄላ የሚቀቅለው ድስት የዚያ ልጅ ነው፤ ያ ጥበብ የተወለደው ለድሆች ከአጥንት ምግብ ለማውጣት ከነበረ ምኞት ነው።

ይህ ምኞት በፓሪስ ወደ መንግሥት ጉዳይነት ደረሰ። ከአብዮቱና ከጦርነቱ ዘመን በኋላ የድሃው ቁጥር በዝቶ ሳለ፣ ዳርሴ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ አጥንትን በአሲድና በእንፋሎት አድርጎ ጄላቲኑን በብዛት የሚያወጣበትን ዘዴ አገኘ፤ በእርሱም የተሠራ ሾርባ በፓሪስ ሆስፒታሎች ለሕሙማንና ለድሆች ይታደል ጀመር። አጥንት ርካሽ ነው፤ ጄላቲንም ከሥጋ የወጣ ነው፤ ስለዚህ ጄላቲን ሥጋን ይተካል የሚል ተስፋ ነበር። ሕሙማኑ ግን ሾርባውን ጠልተው አጉረመረሙ፤ ሐኪሞቹም ተከፋፈሉ። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ነገሩን እንዲመረምር ያቋቋመው ጉባኤ ፍራንሷ ማዣንዲ በተባለው ሐኪም መሪነት ብዙ ዓመት ፈተና ካደረገ በኋላ በ1841 ውጤቱን አቀረበ፤ ጄላቲን ብቻ የተሰጣቸው ውሾች እየከሱ መሞታቸው፣ ከእርሱም ጋር ጥቂት ነገር ቢጨመር እንኳ እንዳልዳኑ ተገለጠ። ምክንያቱ በዚያን ጊዜ አልታወቀም ነበር፤ በ1901 በእንግሊዝ አገር ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ግን፣ ሕይወት ያለ እርሱ እንደማትቆምና ጄላቲን ደግሞ እርሱ ፈጽሞ እንደሌለው ተረጋገጠ። የፓሪስ ድሆች ማጉረምረም እውነት ነበረው።

ይሁን እንጂ ጄላቲን የራሱ ክብር አለው። ብራኮኖ የተባለ ፈረንሳዊ በ1820 ጄላቲንን በጠንካራ አሲድ ቢቀቅለው የሚጣፍጥ ነጭ ቅንጣት አገኘ፤ ይህም ግሊሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ኮላጅን ሦስት ክሮች እርስ በርስ እንደ ገመድ ተገምደው የሚሠራ መሆኑን በ1950ዎቹ የማድራሱ ሊቅ ራማቻንድራን አሳየ፤ በእያንዳንዱ ክር ላይ ከሦስቱ አንዱ ስፍራ የግሊሲን ነው፤ ገመዱ በሙቀት ሲፈታ ጄላቲን ይሆናል። ሰውነታችን ደግሞ አዲስ ገመድ ሲገምድ ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል፤ ይህ ካልተገኘ ድድ ይደማል፣ ቁስል አይድንም፣ የዳነውም ይከፈታል፤ በጥንት መርከበኞች ላይ የወረደው ደዌ ይህ ነበር። እንግዲህ በመረቁ ላይ ጥሬ ቃሪያ የከተፈችው ባልቴት ምክንያቱን ሳታውቅ ትክክለኛውን ጓደኛ ሰጥታዋለች።

መረቅ የታመመ መገጣጠሚያን ያድናልን? በቅን ልብ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በልክ መሰጠት አለበት። በመረቁ ያለው ጄላቲን በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ወደ አሚኖ አሲድና ወደ ጥቃቅን ቁራጭ ይለወጣል እንጂ እንዳለ ሄዶ በጉልበት ላይ አይለጠፍም። በ2017 በወጣ አንድ ጥናት ስምንት ጤነኞች ሰዎች 15 ግራም ጄላቲን ከቫይታሚን ሲ ጋር ወስደው ከአንድ ሰዓት በኋላ ገመድ ሲዘልሉ፣ የኮላጅን ሥራ ምልክት በደማቸው ውስጥ በእጥፍ ከፍ አለ፤ ይህ መልካም ምልክት ነው፤ ነገር ግን ስምንት ሰዎች ናቸው፤ የተለካውም ምልክቱ እንጂ የታመመ ሰው መዳን አይደለም። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በየማዕድ ቤቱ የሚሠራው መረቅ አንዱ ከአንዱ እጅግ ስለሚለያይ፣ በውስጡ ያለው ልክ የማይታመን መሆኑን አሳየ። አጥንት ተቀቅሎ ከካልሲየሙ ብዙ አይሰጥም፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ወተት ይበልጠዋል። ሪህ ያለበት ሰውም ከሥጋና ከአጥንት ለብዙ ሰዓት የወጣ መረቅ ደዌውን ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሊያበዛው አይገባም።

በዚህ ሁሉ መካከል ኡም ሱማቅ ምን ሆነች? ግሪኮች ፊላደልፊያ ብለው የሰየሟት የአሞናውያን ከተማ አማን ከረጅም ዘመን መፍረስ በኋላ በ1878 የቼርኬስ ስደተኞች ሲሠፍሩባት ዳግመኛ ነቃች፤ የሒጃዝ የባቡር ሐዲድ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደረሰላት፤ በ1921 አሚር ዐብደላህ መቀመጫው አደረጋት፤ አገሪቱም በ1946 ነፃነቷን አገኘች። በ1948ና በ1967 ጦርነቶች የፈለሰው ሕዝብ ሲጨመርባት ከተማይቱ ሸለቆውን ትታ ወደ ምዕራብ ኮረብቶች ወጣች፤ በ1987 የታላቁ አማን ማዘጋጃ ቤት ሲቋቋም በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች ከእርሷ ጋር ተዋሐዱ። በስሟ ሱማቅ የተባለችው ኮረብታም ቁጥቋጦዋን በቤት ለወጠች። ድስቱ ግን አልተለወጠም። የዮርዳኖስ ሰው ታላቅ እንግዳ ሲመጣበት ወይም ሰርግና ኀዘን ሲያገኘው የሚያቀርበው መንሰፍ፣ በ2022 ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ማዕድ፣ የሚጀምረው ከነአጥንቱ የተቆረጠው የበግ ሥጋ ተቀቅሎ መረቁ በመውጣቱ ነው፤ በዚያ መረቅ ላይ ጀሚድ የሚባለው የደረቀ እርጎ ተበጥብጦ ይጨመርና በሩዙና በቂጣው ላይ ይፈስሳል። በኡም ሱማቅ ማዕድ ቤት የዚህን ድስት አረፋ የምትገፍፈው እጅ ብዙ ጊዜ የአገራችን ልጅ እጅ ናት፤ አረፋው እንዴት እንደሚገፈፍ ማንም ሊያስተምራት አላስፈለገም፤ ከእናቷ ተምራው ሄዳለችና።

የዘመኑ ፈተና ከሌላ ወገን መጣ። በ1865 ሊቢግ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ስም የተሰጠው የሥጋ ጭማቂ በገበያ ወጣ፤ በ1908 ደግሞ ማጊ የሾርባውን ኩብ ለዓለም አቀረበ። ዛሬ በአማንም በአዲስ አበባም በየሱቁ የሚሸጠው ይህ ትንሽ ኩብ ጨውና ጣዕም ይሰጣል፤ በቀዘቀዘ ጊዜ ግን አይረጋም፤ ጄላቲን የለውምና። በሌላ በኩል ደግሞ በቆርቆሮ የታሸገ የኮላጅን ዱቄት ቁርጥማትን ሁሉ እንደሚነቅል እየተነገረለት በውድ ዋጋ ይሸጣል። ከኩቡ ድስቱ ጠፍቷል፤ ከዱቄቱ ደግሞ ልኩ ጠፍቷል።

እኔ ከዚህ ረጅም ታሪክ የምረዳው አንድ ነገር ነው። የፓሪስ ሊቃውንት የተሳሳቱት ጄላቲንን ከሥጋው፣ ከአትክልቱና ከእንጀራው ለይተው ብቻውን ሕይወት እንዲያቆም በጠየቁት ጊዜ ነው፤ ባልቴቶቻችን ያልተሳሳቱት ደግሞ መረቅን ሁልጊዜ ከሌላው ማዕድ ጋር፣ ከዕረፍትና ከማስታመም ጋር ስላቀረቡት ነው። ሕመምተኛ ጥርሱ ጠንካራ ነገር እንቢ ባለው ቀን ሙቅ መረቅ ይወርድለታል፤ ውሃና ጨው ይመልስለታል፤ ምግብ ሲዘጋው የቆየውን ሆድ ይከፍትለታል፤ ከሁሉም በላይ ሌሊቱን በእሳት ዳር ያደረ ሰው እንዳለው ያሳውቀዋል። ይህ ክብሩ ይበቃዋል።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ የተሰበረ ሰው በቤትህ ቢኖር አስቀድመህ ወደ ሆስፒታል ውሰደው፤ አጥብቆ የታሰረ ስንጣሪ ደምን አግዶ እጅና እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች በየጊዜው የሚያዩት ኀዘን ነውና፣ ጣቱ ቢደነዝዝ፣ ቢጠቁር ወይም ቢቀዘቅዝ አንዲት ሰዓት አትቆይ። አጥንቱ በሐኪም እጅ ከተስተካከለ በኋላ ግን ወደ ቤት ሲመለስ ድስቱን ጣድለት፤ ቅልጥሙንና ጉልበቱን ጨምር፤ አረፋውን ግፈፍ፤ እሳቱን ቀንስና ሌሊቱን ሙሉ ተወው። እናትህም በሕይወት ካለች፣ መረቁ የሚረጋበትን ልክ እርሷ ከማረፏ በፊት ጠይቀህ ጻፈው።